ኒውራል ኔትዎርኬ የፋይበሩን መዛባት ሙሉ በሙሉ አስወገደው፤ ውጤቱን ግን ማመን አቃተኝ

ጥያቄ፤ ከተመራቂው

ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴ በረጅም ርቀት የፋይበር መስመር ላይ የሚደርሰውን የሲግናል መዛባት በማሽን ለርኒንግ መቀነስን የሚመለከት ነው። ያገኘሁት ውጤት ከመጠን በላይ ስላማረ ደስ ከማሰኘት ይልቅ እያስጨነቀኝ ነው። ለአማካሪዬ ከማቅረቤ በፊት በዘርፉ የቆያችሁ ሰዎች ስህተቴን እንድትጠቁሙኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አሠራሬ የሚከተለው ነው። በኮምፒውተር ሲሙሌሽን፣ ባለ ሁለት ፖላራይዜሽን 16-ኳም ሲግናል (እያንዳንዱ ሲምቦል በሞገዱ ከፍታና በፌዙ፣ ማለትም በመወዛወዝ ደረጃው፣ ከተለዩ 16 ነጥቦች አንዱ የሆነበት) በ32 ጊጋባውድ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 32 ቢሊዮን ሲምቦል፣ እልካለሁ። መስመሩ እያንዳንዳቸው 80 ኪሎ ሜትር የሆኑ 25 ስፓኖች (በማጉያ የሚለያዩ ቁራጮች) አሉት፤ በድምሩ 2,000 ኪሎ ሜትር ነው። ፋይበሩ የተለመደው ነጠላ ሞድ ፋይበር ሲሆን በ1550 ናኖሜትር ላይ በየኪሎ ሜትሩ 0.2 ዴሲቤል ያህል ኃይል ያጣል፤ ዲስፐርሽኑ (የሞገድ ርዝመቶቹ በተለያየ ፍጥነት ስለሚጓዙ ሲግናሉ የሚዘረጋበት መጠን) ደግሞ ለአንድ ናኖሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር 17 ፒኮሰከንድ ነው። በየስፓኑ መጨረሻ የኤርቢየም ማጉያ አለ። ተቀባዩ ዘንድ መጀመሪያ ክሮማቲክ ዲስፐርሽኑን በቀጥተኛ ማጣሪያ አስተካክላለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረውን ኖንሊኒየር መዛባት (ከብርሃኑ ኃይል የሚመጣውን) እንዲያነሳ ሲግናሉን ለኒውራል ኔትዎርክ እሰጣለሁ። ኔትዎርኩ ከመካከለኛው ሲምቦል በግራና በቀኝ ሃያ ሃያ፣ መካከለኛውን ጨምሮ 41 ሲምቦል ያያል። እያንዳንዳቸው 100 ኒውሮን ያሏቸው ሁለት ድብቅ ንብርብሮች አሉት፤ የሚያወጣውም የመካከለኛውን ሲምቦል የተስተካከለ ዋጋ ነው።

ቢቶቹን የማመነጨው በፒአርቢኤስ-15 (ዘፈቀደ መሳይ የቢት ተራ በሚያወጣ የተለመደ ጄኔሬተር) ነው። ለእያንዳንዱ ፖላራይዜሽን 262,144 ሲምቦል አዘጋጅቼ የመጀመሪያውን 80 በመቶ ለማሠልጠኛ፣ ቀሪውን 20 በመቶ ለመፈተኛ ስላደረግሁ ኔትዎርኩ የፈተናውን ዳታ አስቀድሞ አላየም ብዬ አምናለሁ። የመግቢያ ኃይሉን ከ-4 እስከ +6 ዲቢኤም (0 ዲቢኤም 1 ሚሊዋት ነው) ሳቀያይር፣ ያለ ኔትዎርኩ የስህተት መጠኑ መጀመሪያ ይወርድና ከአንድ ነጥብ በኋላ እንደሚጠበቀው መልሶ ይወጣል። ከኔትዎርኩ ጋር ሲሆን ግን በየትኛውም የመግቢያ ኃይል ላይ በመፈተኛው ዳታ ውስጥ አንድም ስህተት አልተገኘም። ኮዱን ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ አነበብሁት፤ የሚያጠራጥር ነገር አላየሁበትም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፤ ከየመስመር ሰው

ጥርጣሬዎ ልክ ነው፤ ምልክቱም ራስዎ በጻፉት ጥያቄ ውስጥ ተቀምጧል። የመግቢያ ኃይሉ -4 ዲቢኤም ሲሆን በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ስህተቱን የሚያመጣው በአብዛኛው ከማጉያዎቹ የሚወጣው ኖይዝ ነው። ይህ ኖይዝ በዘፈቀደ የሚፈጠር ስለሆነ፣ ጎረቤት ሲምቦሎችን አይቶ ሊተነብየውና ሊቀንሰው የሚችል ኢኳላይዘር (መዛባት የሚያስተካክል ማጣሪያ) የለም። ስለዚህ የኖንሊኒየር መዛባትን በእርግጥ የሚያነሳ ዘዴ በዝቅተኛ ኃይል ላይ የሚሰጠው ጥቅም ከዜሮ የማይርቅ፣ ኃይሉ ከፍ ሲል ደግሞ እየጨመረ የሚሄድ መሆን ይገባዋል። የእርስዎ ኔትዎርክ በሁለቱም ጫፍ እኩል ካተረፈ፣ ትርፉ የመጣው ከፋይበሩ አይደለም ማለት ነው።

የመጣው ከፒአርቢኤስ-15 ነው። ስሙ ላይ ዘፈቀደ የሚል ቃል ቢኖርበትም ይህ የቢት ተራ የሚመነጨው በአንዲት አጭር ሕግ ነው፤ እያንዳንዱ ቢት ከእርሱ 14 እና 15 ቦታ ቀድመው የመጡት ሁለት ቢቶች የኤክስኦር ውጤት ነው (ሁለቱ ከተለያዩ 1፣ ከተመሳሰሉ 0)። በ16-ኳም አንድ ሲምቦል 4 ቢት ስለሚይዝ፣ ከመካከለኛው ሲምቦል በፊት ያሉት አራት ሲምቦሎች ብቻ 16 ቢት ይይዛሉ። ይህም ማለት የመካከለኛውን ሲምቦል ለማወቅ የሚያስፈልገው መረጃ ሁሉ ከእርሱ ቀድመው ባሉት አራት ጎረቤቶች ውስጥ አለ፤ እርስዎ ደግሞ ለኔትዎርኩ በግራ በኩል ብቻ ሃያ ሰጥተውታል። ሁለት ቢቶችን በኤክስኦር ማጣመር ሁለት ድብቅ ንብርብር ላለው ኔትዎርክ ከባድ ሥራ አይደለም። ኔትዎርኩ ፋይበሩን ሊማር ሲገባው የመልስ ወረቀቱን ሸምድዷል።

ዳታውን ለሁለት መክፈልዎም አላዳነዎትም። የፒአርቢኤስ-15 ተራ በየ32,767 ቢት ይደገማል። ይህ ቁጥር ጎዶሎ ስለሆነና በ4 ስለማይካፈል የሲምቦሎቹ ተራም በየ32,767 ሲምቦል ይደገማል፤ 262,144 ሲምቦል ማለት ያው ተራ ከሞላ ጎደል ስምንት ጊዜ ተደጋግሞ ነው። ለሥልጠና የሰጡት 80 በመቶ ተራውን ከስድስት ጊዜ በላይ ያሳያል። በፈተናው ዳታ ውስጥ አዲስ የነበረው ኖይዙ ብቻ ነው።

ይህ ስህተት በእርስዎ አልተጀመረም፤ የሚያሳፍርም አይደለም። ኤሪክሰን፣ ቡሎውና ሌቨን በ2017 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ወጥመድ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳትመው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጥንቁቅ ገምጋሚዎች የቢቱ ምንጭ ምን እንደሆነ መጠየቅ ልማድ አድርገውታል። ለአሁኑ የሚበጀው ቢቶቹን እንደ ሜርሰን ትዊስተር ባለ፣ ተራው ቶሎ በማይደገም ጄኔሬተር ማመንጨትና ለሥልጠናውና ለፈተናው የተለያየ መነሻ ቁጥር መስጠት ነው። ከዚያም ሁለት ፍተሻ ያድርጉ። አንደኛው፣ ፋይበሩን ጨርሶ አውጥተው ነጭ ኖይዝ ብቻ ባለበት ቻናል ላይ ኔትዎርኩን ያሠልጥኑት፤ በዚህ ቻናል የመጨረሻው ወሰን በቀመር የሚታወቅ ስለሆነ ኔትዎርኩ ከቀመሩ ከበለጠ እየዋሸ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የመካከለኛውን ሲምቦል ግቤት በዜሮ ተክቶ መልሱን መጠየቅ ነው። ሐቀኛ ኔትዎርክ ያን ጊዜ ከመገመት የተሻለ ነገር ሊያደርግ አይገባውም፤ በ16-ኳም በግምት መመለስ ማለት ከመቶ 94 ያህሉን መሳሳት ነው።

መልስ፤ ከሞገድ ቆጣሪ

የመስመር ሰው ዋናውን ነገር ስላሉ እርሱን አልደግምም። ዳታው ከተስተካከለ በኋላ ግን ጠያቂው ሌላ ሐዘን እንደሚጠብቃቸው ባስጠነቅቅ ይሻላል፤ ትርፉ በጣም ትንሽ ይሆንባቸዋል፤ ምክንያቱም የሚያስተካክሉት መዛባት እነርሱ ካዘጋጁት የ41 ሲምቦል መስኮት እጅግ ይሰፋል።

በ32 ጊጋባውድ አንድ ሲምቦል የሚቆየው 31.25 ፒኮሰከንድ ነው፤ ሲግናሉ የሚይዘው ስፋትም ሩብ ናኖሜትር ገደማ ነው። 17 ፒኮሰከንድን በ2,000 ኪሎ ሜትርና በዚህ ስፋት ብናባዛው ከ8,700 ፒኮሰከንድ ጋር የሚቀራረብ መዘርጋት እናገኛለን፤ ይህም ወደ 280 ሲምቦል ይጠጋል። ሲግናሉ እየተጓዘ ሳለ እያንዳንዱ ሲምቦል በእነዚህ ሁሉ ጎረቤቶቹ ላይ እየተደረበ ይሄዳል፤ የኬር ክስተት የሚሠራው ደግሞ በዚያ በተደራረበው ኃይል ላይ ነው። የመስታወቱ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ በውስጡ በሚያልፈው ብርሃን ኃይል መጠን በጥቂቱ ይለወጣል፤ ኢንዴክሱ ሲለወጥ ሞገዱ ፌዙ ይዞራል። መጨረሻ ላይ ዲስፐርሽኑን ስታነሱት ሲምቦሎቹ ወደየቦታቸው ቢመለሱም በመንገድ ላይ የተቀባበሉት የፌዝ ለውጥ አብሮ አይመለስም። የሩቅ ጎረቤቶች ድርሻ እያነሰ ቢሄድም 41 ሲምቦል ጠባብ ነው።

መጠኑን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የዚህ ፋይበር ኖንሊኒየር ኮፊሸንት በዋትና በኪሎ ሜትር 1.3 ያህል ነው። ኃይሉ በመንገድ ላይ ስለሚደክም የአንድ 80 ኪሎ ሜትር ስፓን ውጤታማ ርዝመት 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በ1 ሚሊዋት፣ ማለትም በ0 ዲቢኤም፣ አንድ ስፓን ፌዙን ወደ 1.5 ዲግሪ ያዞረዋል፤ 25 ስፓን ሲደመር ከ35 ዲግሪ አያንስም። በ16-ኳም መካከለኛ ቀለበት ላይ ያለ ነጥብ ወደ ጎረቤቱ ለመሻገር ከ18 ዲግሪ ትንሽ ማለፍ ይበቃዋል። አማካዩን ዙር የካሪየር ፌዝ ማስተካከያው ያነሳዋል፤ የሚያስቸግረው በየሲምቦሉ የሚዋዥቀው ክፍል ነው። የዚህ መዛባት ኃይል የሚያድገው በመግቢያው ኃይል ኩብ ስለሆነ ሲግናሉን ከፍ እያደረጉ ማምለጥ አይቻልም። በተለመደው ሞዴል መሠረት ምርጡ የመግቢያ ኃይል የሚገኘው የማጉያዎቹ ኖይዝ የኖንሊኒየሩን ኖይዝ እጥፍ ሲሆን ነው።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ኔትዎርኩን ባዶ አእምሮ አድርጎ ከማስጀመር የፋይበሩን ፊዚክስ ቅርጹ ውስጥ ማስገባት ይሻላል። አይፕና ካን በ2008 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ዲጂታል ባክፕሮፓጌሽን የሚሠራው ሲግናሉን በስሌት ወደ ኋላ በማስኬድ ነው፤ መስመሩን በትናንሽ ደረጃዎች ይቆርጥና በየደረጃው አንድ ጊዜ ዲስፐርሽኑን በቀጥተኛ ማጣሪያ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የፌዙን ዙር ከኃይሉ ጋር በሚመጣጠን መጠን እየቀለበሰ ይመለሳል። ይህን ተራ ልብ ብለው ይዩት፤ ቀጥተኛ ሥራ፣ ከዚያ ኖንሊኒየር ሥራ፣ እንደገና ቀጥተኛ፣ እንደገና ኖንሊኒየር። የጥልቅ ኒውራል ኔትዎርክ ንብርብሮች ከዚህ የተለየ አቀማመጥ የላቸውም። ሄገርና ፊስተር በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ የባክፕሮፓጌሽኑን ደረጃዎች እንደ ኔትዎርክ ንብርብር ቆጥረው ማጣሪያዎቹን ሁሉ በአንድነት አሠለጠኗቸው። እያንዳንዱ ማጣሪያ ለብቻው ቢያጥር ስህተቱ በየደረጃው ይጠራቀማል፤ በአንድነት ሲሠለጥኑ ግን አንዱ የሌላውን ጉድለት እየሸፈነ አጫጭር ማጣሪያዎች ሊበቁ ይችላሉ። የሚማሩት መለኪያዎች ጥቂት ስለሆኑ የቢት ተራ የሚሸመድዱበት ቦታም የላቸውም፤ ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

ባዶ አእምሮ ያለው ኔትዎርክ ጨርሶ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ሥራ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ የባሕር ሥር መስመር ላይ ኒውራል ኔትዎርክ ሞክሮ ትርፍ አግኝቷል። እዚያም ቢሆን ለኔትዎርኩ የተሰጠው ግቤት ጥሬ ሲምቦል ብቻ አልነበረም፤ ከፐርተርቤሽን ስሌት (መዛባቱን እንደ ትንሽ ጭማሪ ቆጥሮ ከሚያሰላ ዘዴ) የተወሰዱ የሦስት ሲምቦሎች ብዜቶች ነበሩበት። ፊዚክሱ በሌላ በር ገባ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የጠያቂው ሲሙሌሽን አንድ ቻናል ብቻ እንዳለው ገምቻለሁ። በእውነተኛ መስመር በአንድ ፋይበር ላይ ብዙ ቻናሎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ከጎረቤት ቻናል የሚመጣውን የፌዝ ዙር ደግሞ የእኛ ተቀባይ ጎረቤቱን ስለማያየው ሊያነሳው አይችልም። በዚህ ምክንያት በነጠላ ቻናል የተገኘ ትርፍ ብዙ ቻናል ሲበራ መሟሸሹን ቀድመው ይወቁት።

ተጨማሪ ጥያቄ፤ ከሰባተኛው ፎቅ

ውይይቱን በጥሞና እየተከታተልሁ ነው። እኔ የምሠራው ግን ኮሂረንት በሆነ (የሞገዱን ፌዝም በሚለካ) ረጅም መስመር ላይ አይደለም፤ የብርሃኑን ኃይል ብቻ በፎቶዳዮድ በሚለካና ከ40 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ የፓም-4 (በአራት የኃይል ደረጃ የሚልክ) መስመር ላይ ነው። የመግቢያ ኃይሌ ዝቅተኛ ስለሆነ የኬር ክስተት አያሳስበኝም። ታዲያ ለእኔ ቀጥተኛ ኢኳላይዘር አይበቃኝም?

መልስ፤ ከሞገድ ቆጣሪ

ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ምክንያቱ ግን ፋይበሩ ሳይሆን ፎቶዳዮዱ ነው። ፎቶዳዮድ የሞገዱን ካሬ ስለሚለካ ፌዙ እዚያው ይጠፋል፤ ከመለካቱ በፊት ቀጥተኛ የነበረው ዲስፐርሽን ከመለካቱ በኋላ ኖንሊኒየር ሆኖ ይታያል። ከዚህም በላይ ሁለቱ የጎን ባንዶች (ከመሐሉ ፍሪኩዌንሲ ግራና ቀኝ ያሉት የሲግናሉ ክፍሎች) ሲደመሩ በአንዳንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ እርስ በርስ ይጣፋሉ። በ1550 ናኖሜትር ላይ በ40 ኪሎ ሜትር የመጀመሪያው ባዶ ቦታ የሚወድቀው ወደ 9.6 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ በ20 ኪሎ ሜትር ደግሞ 13.5 ገደማ። ቀጥተኛ ኢኳላይዘር ያንን ጉድጓድ ለመሙላት ሲሞክር የሚያጎላው ኖይዙን ነው። ቮልቴራ ማጣሪያ (የግቤቶችን ብዜት የሚጠቀም ኖንሊኒየር ማጣሪያ) ወይም ትንሽ ኒውራል ኔትዎርክ እዚህ ላይ በእርግጥ ልዩነት ያመጣል። ምርጫው በእጅዎ ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት ዲስፐርሽኑ ለዜሮ ወደሚቀርብበት ወደ 1310 ናኖሜትር መሄድን ያስቡበት፤ የሌለን መዛባት የሚያስተካክል ሰው አያስፈልግም።

መልስ፤ ከቀጭን ሲሊከን

ሁላችሁም ስለ ስህተት መጠን ስትነጋገሩ ስለ ዋት ያነሳ ሰው ስላላየሁ ጣልቃ ልግባ። እንጀራዬ የሲግናል ማቀነባበሪያ ቺፕ ዲዛይን ስለሆነ ይህ ጉዳይ ዘወትር ከፊቴ ነው።

የጠያቂውን ኔትዎርክ እንቁጠረው። 41 ሲምቦል፣ በሁለት ፖላራይዜሽን፣ እያንዳንዱ በሁለት እውናዊ ቁጥር ሲገለጽ 164 ግቤት ይሆናል። 164 በ100 ሲባዛ 16,400፣ በሁለቱ ድብቅ ንብርብሮች መካከል 10,000፣ ወደ ውጤቱ 200፤ በድምሩ አንድ ሲምቦል ለማስተካከል 26,600 ማባዛት ያስፈልጋል። ይህን በ32 ቢሊዮን ሲምቦል በሰከንድ ስናባዛው ለአንድ ፖላራይዜሽን ብቻ ከ850 ትሪሊዮን ማባዛት በሰከንድ ያልፋል። ዲስፐርሽኑን የሚያነሳው ማጣሪያ በፉሪየር ትራንስፎርም ሲሠራ በሲምቦል ከጥቂት መቶ ማባዛት አይዘልም። ዛሬ በዳታ ማዕከላት መካከል የሚሰካ አንድ ባለ 400 ጊጋቢት ኮሂረንት ሞጁል፣ ሌዘሩንም ማጉያውንም ቺፑንም ጨምሮ፣ የሚፈቀድለት በግምት ከ15 እስከ 20 ዋት ነው። እንዲህ ያለ ኔትዎርክ እዚያ ውስጥ ቦታ የለውም።

ስለዚህ ኔትዎርኩን መከርከም፣ ቁጥሮቹን ወደ 8 ቢት ወይም ከዚያ በታች ማውረድ፣ በአንድ ዙር ስሌትም ከመካከለኛው ሲምቦል ጋር ብዙ ጎረቤት ሲምቦሎችን አብሮ ማውጣት ያስፈልጋል። የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ቢሆንም ወጪውን ወዲያው ያካፍለዋል። ኤልኤስቲኤም የመሳሰሉ ተመላላሽ ኔትዎርኮች ወረቀት ላይ ጥሩ ውጤት ሲያሳዩ አይቻለሁ፤ የቺፑ ሰዓት ግን በአንድ ጊጋኸርዝ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ስለሚሄድ 32 ጊጋባውድን ለማስተናገድ ብዙ አሥር ሲምቦሎችን ጎን ለጎን ማስላት ግድ ነው። ያለፈውን ውጤት ሳይጠብቅ የሚቀጥለውን ማስላት የማይችል ኔትዎርክ ደግሞ ለዚህ አይመችም። ዳታውን ተደራራቢ ቁራጭ እያደረጉ መስጠት ይቻላል፤ መደራረቡ ግን ራሱ ተጨማሪ ስሌት ነው።

በጥናትዎ ውስጥ ከስህተት መጠኑ ጎን ለጎን በሲምቦል የሚያስፈልገውን የማባዛት ብዛት በአንድ ሥዕል ቢያሳዩ፣ ባለ አንድ ደረጃ በስፓን ባክፕሮፓጌሽንንም በዚያው ሥዕል ላይ ቢያስቀምጡ እንደ እኔ ላለ አንባቢ ከማንኛውም ነገር ይበልጥ ይጠቅማል።

ምላሽ፤ ከተመራቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ቀን ወስጄ ሁሉንም እንደገና ሠራሁት፤ በመሐል መብራት ጠፍቶ አንዱን ሥልጠና ከግማሽ አስጀምሮኛል፤ እሱ የተለመደ ነው።

ቢቶቹን በሜርሰን ትዊስተር አመንጭቼ ለሥልጠናና ለፈተና የተለያየ መነሻ ሰጠሁ። ዜሮ ስህተት የሚባለው ነገር በዚያው ቅጽበት ጠፋ። በ-4 ዲቢኤም ያለ ኔትዎርኩና ከኔትዎርኩ ጋር ያሉት ሁለቱ የግራፍ መስመሮች አሁን ተደራርበው አንድ ሆነዋል፤ ልዩነት የሚታየው ከምርጡ ኃይል ጀምሮ ወደ ላይ ሲሆን እርሱም ከግማሽ ዴሲቤል አይበልጥም። መስኮቱን ሳሰፋው ትንሽ ተሻሻለ፤ የማባዛቱን ብዛት ስቆጥረው ግን ቀጭን ሲሊከን ያሉት ነገር ገባኝና ወደ ሞገድ ቆጣሪ ሐሳብ፣ ማለትም ባክፕሮፓጌሽኑን ወደ ማሠልጠን ዞሬያለሁ። በአንድ ቻናል ከጨረስሁ በኋላ ሁለት ጎረቤት ቻናል ጨምሬ እሞክረዋለሁ።

የመካከለኛውን ሲምቦል በዜሮ የመተካቱንም ፍተሻ አደረግሁ። አዲሱ ኔትዎርክ ከመቶ 94 ያህሉን ተሳሳተ። አሮጌውን ኔትዎርክ ከአሮጌው ዳታ ጋር አምጥቼ ያንኑ ስጠይቀው ሲምቦሉ ፈጽሞ ሳይሰጠው አብዛኛውን በትክክል መለሰ። የመግቢያውን ኃይል ዝቅ አድርጌም ሞከርሁት፤ ያው ነው። የዚህን ውጤት ሥዕል አልሰረዝሁትም፤ አማካሪዬ የመጀመሪያውን ውጤት የት አደረስከው ብለው ሲጠይቁኝ ቀድሜ የማሳያቸው እርሱን ነው።